የዓይን ምስክርን እንዴት እንጠይቅ? የትኛው ዘዴ ለየትኛው ሰው

አምና ክረምት ላይ ነው። ከብሎካችን ፊት ለፊት ካለው የባጃጅ ተራ ጋ አንዲት ልጅ ከሥራ ስትመለስ ስልኳን ነጥቀዋት ሮጡ። ምሽት 1 ሰዓት ተኩል ገደማ ነበር፣ መብራትም ጠፍቷል። አዲስ አበባ ዳር ያለውን የኮንዶሚኒየም መንደራችንን ኮዬ ፈጬን የሚያውቅ ሰው መብራት ሲጠፋ የብሎኮቹ መሐል ምን እንደሚመስል ያውቃል። ነገሩን በቅርብ ያዩት እዚያው ጥግ በቆሎ የሚጠብሱ አንዲት እናት ናቸው። እኔ የብሎካችን ኮሚቴ ጸሐፊ ነኝና ሮጬ ደረስኩ። ደርሼም መጀመሪያ ያልኳቸው ይሄን ነው፦ «እማማ፣ ያ ሰማያዊ ጃኬት የሚለብሰው ልጅ ነው አይደል?»

ትንሽ ዝም አሉ። ከዚያ «መሰለኝ» አሉ።

በማግስቱ ጣቢያ ሄደው ቃላቸውን ሲሰጡ «መሰለኝ» የምትለዋ ቃል የለችም። «ሰማያዊ ጃኬት የለበሰው ነው፣ በደንብ አይቼዋለሁ» ነው ያሉት። ልጁ ሦስት ሌሊት ታሰረ። በአራተኛው ቀን፣ ጄኔሬተር ካለው የብረታ ብረት ሱቅ የካሜራ ቅጂ ሲገኝ፣ ነጣቂው ግራጫ ሹራብ የለበሰ፣ ማናችንም አይተነው የማናውቀው ሰው ሆኖ ተገኘ።

እማማ አልዋሹም። ይሄን በደንብ ያዙልኝ። ሰማያዊውን ጃኬት እሳቸው ዓይን ውስጥ ያስገባሁት እኔ ነኝ።

ከዚያ ወዲህ ስለ ምስክር አጠያየቅ ያገኘሁትን ሁሉ ሳነብ፣ ሥራዬ ብለው የሚሠሩትንም ስጠይቅ ከረምኩ። ዘዴው አንድ ብቻ አይደለም። አንዱ ጊዜ ይፈልጋል፣ አንዱ ወረቀትና እስክሪብቶ ይበቃዋል፣ አንዱን ደግሞ ጭራሽ ባንነካው ይሻላል። ለኮሚቴ አባላት፣ ለጥበቃዎች፣ ለማኅበረሰብ አቀፍ ፖሊሶች፣ ለጋዜጠኞችና ለወላጆች ይጠቅማል ብዬ የማምነውን እያነጻጸርኩ ልጻፍላችሁ። የምስክር ቃል ብዙ ጊዜ የሚበላሸው ጣቢያ ከመድረሱ በፊት፣ መጀመሪያ የጠየቀው ሰው እጅ ላይ ስለሆነ፣ ነገሩ ፖሊስን ብቻ የሚመለከት አይደለም።

መጀመሪያ፦ ጥያቄ ትዝታን ይቀይራል

ብዙዎቻችን ትዝታን እንደ ካሜራ ነው የምናየው። አንዴ ከተቀረጸ መልሰህ ብታየው ያው ነው ብለን እናስባለን። ግን እንደዚያ አይሠራም። ባስታወስን ቁጥር እንደገና እንገጣጥመዋለን፤ ስንገጣጥም ደግሞ ከሰው የሰማነውም አብሮ ይገባል።

ይሄን በግልጽ ካሳዩት ሰዎች አንዷ አሜሪካዊቷ የሥነ ልቦና ተመራማሪ ኤልዛቤት ሎፍተስ ናት። እ.ኤ.አ. በ1974 ከጆን ፓልመር ጋር ሆና ለተማሪዎች የመኪና ግጭት ፊልም አሳየች። ከዚያ ለአንዱ ቡድን «መኪኖቹ ሲጋጩ ፍጥነታቸው ስንት ነበር?» ብላ ጠየቀች። ለሌላው ቡድን «ሲጋጩ» የሚለውን «ሲጨፈላለቁ» በሚል ዓይነት ጠንካራ ቃል ቀየረችው። ከሳምንት በኋላ ሁሉም «የተሰበረ መስታወት አይታችኋል?» ተባሉ። ፊልሙ ውስጥ የተሰበረ መስታወት አልነበረም። ቀለል ያለው ቃል ከደረሳቸው 50 ሰዎች 7ቱ አይተናል አሉ። ጠንካራው ከደረሳቸው 50ዎቹ ግን 16ቱ። አንድ ግስ ብቻ ነው የተቀየረው።

እኛ ዘንድ ደግሞ ሌላ ነገር ይጨመርበታል፤ ይሉኝታ። የተከበረ ሰው፣ ኮሚቴ፣ ዩኒፎርም የለበሰ ሰው «…አይደል?» ብሎ ሲጠይቅ «አይ፣ አላየሁም» ማለት ለብዙ ሰው ከባድ ነው። በዚያ ላይ «የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ» እየተባለ ነው ያደግነው። አንዴ ከአፉ የወጣውን ቃል መመለስ እንደ ውርደት ይቆጠራል። ስለዚህ በይሉኝታ የወጣች «መሰለኝ» በማግስቱ «አይቼዋለሁ» ሆና ትገኛለች። የእማማም እንደዚሁ ነው የሆነው።

የተለመደው ጥያቄና መልስ

ማን ነው? ስንት ነበሩ? ምን ለብሷል? ረጅም ነው አጭር? እኔም ያደረግሁት ይሄንኑ ነው፣ አብዛኛው ሰው የሚያደርገውም ይሄንኑ ነው። ጥቅሙ ፍጥነቱ ነው። ሌባው ገና እየሮጠ ከሆነ፣ ወይም ሰው ተጎድቶ ከሆነ፣ «በየት በኩል ሄደ?» ከማለት ሌላ አማራጭ የለም። ለዚያች ደቂቃ ተጠቀሙበት።

ከዚያች ደቂቃ በኋላ ግን ጉዳቱ ያመዝናል። ጠያቂው ያሰበውን ብቻ ነው የሚያገኘው፤ ያልጠየቀው ነገር ተቀብሮ ይቀራል። ሮናልድ ፊሸርና ኤድዋርድ ጋይዝልማን የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1987 ከባልደረባቸው ጋር ፍሎሪዳ ውስጥ የመርማሪዎችን የድምፅ ቅጂ ሲያዳምጡ፣ ምስክሩ መናገር ከጀመረ በአማካይ በ7.5 ሰከንድ ውስጥ መርማሪው ያቋርጠው እንደነበር አገኙ። ሰባት ሰከንድ ተኩል! ስልካችሁን አውጡና ቁጠሩት። አንድ ሰው «እኔ እንግዲህ እዚህ ጋ ቁጭ ብዬ…» ብሎ ሳይጨርስ ነው።

እንደኔ «…ነው አይደል?» ዓይነቱን፣ መልሱን በውስጡ የያዘ መሪ ጥያቄ ሕጋችንም ያውቀዋል። የ1954ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ በአንቀጽ 137 ላይ፣ ምስክሩን ያቀረበው ወገን በሚጠይቅበት በዋና ጥያቄ ጊዜ ያለ ፍርድ ቤቱ ፈቃድ ለምስክር መሪ ጥያቄ እንዳይቀርብ ይከለክላል። ችሎት ውስጥ ጠበቃው ተነስቶ ይቃወማል። የባጃጅ ተራው ጋ ግን የሚቃወም ማንም የለም፤ ምስክሩ ችሎት የሚደርሰው ደግሞ እዚያ ተራው ጋ የገባለትን ይዞ ነው።

እንዲተርክ መተው

ሁለተኛው አማራጭ ቀላል ይመስላል፣ ግን ትዕግሥት ይጠይቃል። «ያዩትን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው፣ እንደመጣልዎት ይንገሩኝ» ትላላችሁ። ከዚያ ዝም። ሰውዬው ዝም ሲል እናንተም ዝም። ዝምታው ያስጨንቃል፣ ግን የሚያስታውሰው በዚያች ዝምታ ውስጥ ነው። ሲጨርስ እሱ ራሱ ያነሳውን ነገር ብቻ ይዛችሁ «ቅድም ከኋላው አንድ ሰው ነበር ብለውኛል፣ ስለሱ ይንገሩኝ» ትላላችሁ። ዝርዝር ጥያቄ መጨረሻ ላይ ነው የሚመጣው።

እንግሊዝና ዌልስ እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ ፖሊሶቻቸውን የሚያሠለጥኑበት «ፒስ» የሚባለው አሠራር መሠረቱ ይሄ ነው። ስሙ የአምስት ደረጃዎች ምሕጻር ነው፦ መዘጋጀት፣ መግባባትና ማስረዳት፣ ቃሉን መቀበል፣ መዝጋት፣ በመጨረሻም የራስን ሥራ መገምገም። ተጠርጣሪን ሳይቀር እንዲያምን ለማስገደድ ሳይሆን መረጃ ለማግኘት ነው የሚጠይቁት። ያለ ማስገደድ ስለ መጠየቅ እ.ኤ.አ. በ2021 የወጡት የሜንዴዝ መርሆዎች የሚባሉትም በዚሁ መንገድ ይሄዳሉ።

ልምድ ለሌለው ሰው የምመርጠው ይሄን ነው። ሥልጠና ባትወስዱም ብዙ አታበላሹም። ድካሙ፣ አንዳንድ ሰው በሁለት ዓረፍተ ነገር ጨርሶ «በቃ ይሄው ነው» ይላችኋል። እንዲህ ሲሆን የሚቀጥለው ያስፈልጋል።

ኮግኒቲቭ ኢንተርቪው፦ ሰውየውን ወደ ቦታው መመለስ

ይሄን ዘዴ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ አጋማሽ የሠሩት እነዚያው ጋይዝልማንና ፊሸር ናቸው። ሐሳቡ እኛ ዕለት ተዕለት የምናውቀው ነገር ነው። ቁልፍ ሲጠፋብህ «እስቲ መጨረሻ የት ነበርኩ?» ብለህ ወደ ኩሽና ተመልሰህ ትሄዳለህ፣ እዚያ ስትቆም ትዝ ይልሃል። ትዝታ ከቦታው፣ ከሽታው፣ ከድምፁና ከስሜቱ ጋር ታስሮ ነው የሚቀመጠው። ገመዱን ይዘህ ስትስብ ይመጣል።

አራት ነገሮች አሉት። አንደኛ፣ ምስክሩ በሐሳቡ ወደዚያ ሰዓት እንዲመለስ መርዳት፤ የት ቆሞ ነበር፣ ምን ይሸት ነበር፣ ብርዱ፣ ድምፁ፣ ምን እያሰበ ነበር። ሁለተኛ፣ ይጠቅማል አይጠቅምም ሳይል ሁሉንም እንዲናገር መንገር። ሦስተኛ፣ ከመጨረሻው ወደ መጀመሪያው እንዲተርክ መጠየቅ። አራተኛ፣ ሌላ ሰው ከቆመበት ቦታ ሆኖ ምን ይታይ እንደነበር እንዲያስብ ማድረግ። በኋላ ሲያሻሽሉት ከምስክሩ ጋር መቀራረብን፣ አለማቋረጥን፣ እና «የማያውቁትን አላውቅም ይበሉ፣ አይገምቱ» ብሎ ቀድሞ መንገርን ጨመሩበት።

እኔ አራተኛውን አልጠቀምበትም። «እሱ ከቆመበት ሆነህ እየው» ሲባል ሰው መፈልሰፍ የሚጀምር ይመስለኛል። ሥራው ውስጥ ያሉ ብዙ መርማሪዎችም አይወዱትም። ሦስተኛው ጥሩ ነው፣ ግን የደከመ ሰው ላይ አይሠራም። ዋናዎቹ ሁለቱ የመጀመሪያዎቹ ናቸው።

ውጤቱ? እ.ኤ.አ. በ1989 በታተመ ጥናት፣ ማያሚ አካባቢ ያሉ መርማሪዎች ዘዴውን ከሠለጠኑ በኋላ ከእውነተኛ የወንጀል ምስክሮችና ተጎጂዎች ያገኙት መረጃ ከሥልጠናው በፊት ከሚያገኙት በ47 በመቶ በልጧል። ካልሠለጠኑት ባልደረቦቻቸው ጋር ሲነጻጸር ደግሞ በ63 በመቶ። ከዚያ ወዲህ የተደረጉ በርካታ ጥናቶች ሲደማመሩም ትክክለኛው መረጃ በጣም ይጨምራል። ስህተቱም ትንሽ ይጨምራል፤ ይሄን መደበቅ አልፈልግም። ብዙ የሚያወራ ሰው ጥቂት ይሳሳታል።

በዚህ ክረምት፣ እዚያው ተራው ጋ፣ አንዲት እናት ከባጃጅ ሲወርዱ ቦርሳቸውን ይዞባቸው የሄደ ባጃጅ ነበር። ሊወርዱ አንድ እግራቸውን ሲያሳርፉ ነው ነድቶ ያመለጠው። ያዩት አሁንም በቆሎ የሚጠብሱት እማማ ናቸው። «ሰማያዊ ባጃጅ ነው፣ ሌላ አላየሁም» አሉ። ሰማያዊ ባጃጅ ደግሞ እዚህ ስንት አለ!

ዘንድሮ አልቸኮልኩም። ሰው እስኪበተን ጠበቅሁ። ከምድጃቸው አጠገብ ድንጋይ ላይ ቁጭ አልኩና «እማማ፣ እኔ አልነበርኩም፣ ያየሁት ነገር የለም። የሚያውቁት እርስዎ ነዎት። ያላዩትን አላየሁም ቢሉኝ ደስ ይለኛል» አልኳቸው። ከዚያ ዓይናቸውን እንዲጨፍኑ ጠየቅኋቸው። ዓይን መጨፈን ማስታወስን እንደሚያግዝ በጥናት ታይቷል፤ ቀላልም ነው፣ ወጪም የለውም። ማራገቢያውን በእጃቸው እንደያዙ ነበሩ። «በዚያች ሰዓት ምን እያደረጉ ነበር?» አልኳቸው።

«ፍሙን እያራገብኩ» አሉ። እጃቸው በዝግታ መንቀሳቀስ ጀመረ። «ዝናቡ ካፊያ ነበር። ጭሱ ወደ ዓይኔ መጣብኝና ፊቴን ወደዚህ አዞርኩ…» አሉና ወደ ቀኝ ዞሩ። ቆሙ። እኔም ዝም አልኩ፤ አፌን መያዝ እንዴት እንደከበደኝ። «ሸራው» አሉ ከዚያ። «የጎኑ ሸራ ተቀዷል። በፌስታል ቋጥረውታል። ቢጫ ፌስታል መሰለኝ። ንፋሱ ያርገበግበዋል።»

ስለ ሸራው የጠየቃቸው አልነበረም። እኔ ብጠይቅ ኖሮ ሰሌዳውን ነበር የምጠይቀው፣ ሰሌዳውን ደግሞ አላዩትም።

የዚህ ዘዴ ችግር ጊዜ ይፈጃል፣ ጸጥ ያለ ቦታ ይፈልጋል። ብዙ ወረፋ ያለበት ጣቢያ ውስጥ የሚቸገሩትም ለዚህ ነው። ሌላው፣ በጣም የደነገጠን ወይም የተደፈረን ሰው «ወደዚያች ሰዓት ተመለስ» ማለት ቁስሉን መንካት ነው። ለሠለጠነ ሰው ተዉት። ጊዜ ከጠበበ ደግሞ፣ ዓይን ጨፍኖ ወደ ቦታው የመመለሱን ነገር ትቶ፣ ምስክሩ ወረቀት ላይ ቦታውን እየሳለ እንዲናገር ማድረግ ይቻላል። ተራው እዚህ፣ ሱቁ እዚህ፣ እኔ እዚህ። እያሰመሩ ሲያወሩ ብዙ ነገር ይመጣል።

ራሱ እንዲጽፈው

አንድ ሚኒባስ ሙሉ ሰው ያየው ነገር ቢሆንስ? ሁሉንም ቁጭ አድርጎ የሚጠይቅ ሰው የለም። ለዚህ ፊዮና ጋበርትና ሎሬይን ሆፕ ከፊሸር ጋር ሆነው እ.ኤ.አ. በ2009 ምስክሩ በራሱ የሚሞላው ቅጽ አቀረቡ። ወደ ቦታው በሐሳብ መመለስን፣ ሁሉንም መጻፍን፣ አለመገመትን የሚያስረዳ መመሪያና የቦታ ንድፍ መሳያ አለው። ነገሩ ገና ትኩስ እያለ ቶሎ መሞላቱ ነው ጥቅሙ፤ ትዝታው ሳይረግብ ይያዛል።

እኛ ጋ ያለው ችግር ማንበብና መጻፍ የማይችል ምስክር መኖሩ ነው። መፍትሔው ቀላል ይመስለኛል። ስልኩ ላይ ድምፁን ራሱ ይቅረጸው፣ ብቻውን ሆኖ። ማንም አጠገቡ ቆሞ «እንደዚህ በል» እንዳይለው።

በጋራ መጠየቅ፣ እና የቴሌግራም ግሩፕ

አባቶቻችን አውጫጭኝ ነበራቸው። አፈርሳታም ይባላል። የአካባቢው ሰው በሙሉ ይሰበሰባል፣ ወንጀለኛው እስኪወጣ ጉባኤው ይቀጥላል። አከብረዋለሁ። ማኅበረሰቡ ኃላፊነት የሚወስድበት ሥርዓት ነበር፤ የተደበቀ ነገርንም ያወጣል። የአንድን ሰው ትዝታ ንጹሕ አድርጎ ለመያዝ ግን አይሆንም፤ ሰው በሰው ፊት የሰማውን ያየው ይመስለዋልና።

እነ ጋበርት እ.ኤ.አ. በ2003 ባሳተሙት ጥናት፣ አንድን ክስተት በትንሹ የተለያየ አድርገው ለሁለት ሰዎች አሳይተው እንዲወያዩ ተዉአቸው። ከተወያዩት መካከል 71 በመቶዎቹ ራሳቸው ያላዩትን፣ ከሌላው የሰሙትን ቢያንስ አንድ ነገር እንዳዩት አድርገው ተናግረዋል። የብሎኩ ቴሌግራም ግሩፕ ላይ «ሌባው ጥቁር ኮፍያ አድርጎ ነበር አሉ» ስንባባል የምናደርገው ይሄንኑ ነው። ስለዚህ እባካችሁ፣ ነገሩ እንደተፈጠረ ምስክሮችን ለያዩ። ቡና ቤት አንድ ላይ አስቀምጣችሁ አታቆዩ። ግሩፑ ላይ የሌባውን መልክ አትጻፉ።

ፎቶም እንደዚሁ። አንድ ፎቶ አሳይቶ «ይሄ ነው?» ማለት ሰማያዊ ጃኬቱን መድገም ነው። አሜሪካ ውስጥ ሮናልድ ኮተን የተባለ ሰው፣ ጄኒፈር ቶምፕሰን የምትባል ተጎጂ በሙሉ ልቧ «እሱ ነው» ስላለችበት እ.ኤ.አ. ከ1984 ጀምሮ ከ10 ዓመት በላይ ታስሮ፣ በ1995 በዲኤንኤ ምርመራ ነው ነጻ የወጣው። ልጅቷ ጥቃቱ ሲፈጸምባት ሳይቀር ፊቱን ለማስታወስ ራሷን አስገድዳ ስታጠና የነበረች ናት። ፊት መለየት የፖሊስ ሥራ ነው፣ ያውም በሥርዓት፤ ተመሳሳይ ሰዎች መሐል፣ «ላይኖር ይችላል» ተብሎ ተነግሮ፣ ከመረጠ በኋላም «ጎበዝ፣ እሱ ነው» ሳይባል። ያቺ «ጎበዝ» የምስክሩን እርግጠኝነት ካለቦታው ታሳድጋለች።

ሕፃናት

እዚህ ላይ አጭር ልሁን፦ እናንተ አትጠይቁ። ልጅ አዋቂን ለማስደሰት ይመልሳል፤ አንድ ጥያቄ ሁለቴ ከተጠየቀ የመጀመሪያው መልሴ ስህተት ነው ብሎ ይቀይራል። ማይክል ላምና ባልደረቦቹ ያዘጋጁት፣ ኤንአይሲኤችዲ ፕሮቶኮል የሚባል የሕፃናት መጠይቅ አለ። መጀመሪያ ልጁ ስለ አንድ ደስ የሚል ቀን፣ ለምሳሌ ስለ በዓል፣ እንዲተርክ አድርጎ ያለማምደዋል፣ ከዚያ በክፍት ጥያቄ ይቀጥላል። ይሄ የሠለጠነ ሰው ሥራ ነው። ልጁ ራሱ ካወራላችሁ አድምጡት፣ «ስለነገርከኝ ጥሩ አደረግህ» በሉት፣ ቃሉን እንዳለ ጻፉና ወደሚመለከተው ውሰዱት። ጥቃት ከሆነ ጋንዲ መታሰቢያ ሆስፒታል ውስጥ ሕክምናውን፣ ፖሊሱንና ዐቃቤ ሕጉን አንድ ቦታ የሚያገናኝ ማዕከል አለ። ፍርድ ቤት ሲደርስም ልደታ ላይ ሕፃናት በተለየ ክፍል ሆነው ቃላቸውን የሚሰጡበት ችሎት አለ። ከተማ ዳር ስለሆንን መንገዱ ይረዝማል፣ ግን ሂዱ።

ሂፕኖቲዝም ይጠቅማል የሚል ነገር ኢንተርኔት ላይ ታያላችሁ። ተዉት። የሰውን እርግጠኝነት ይጨምራል፣ ትክክለኛነቱን ግን አይጨምርም። በአሜሪካ ብዙ ፍርድ ቤቶች በዚያ መንገድ የመጣን ቃል የማይቀበሉት ወይም የሚገድቡት ለዚህ ነው።

እንግዲህ የትኛውን?

ሌባው ገና ካልራቀ፦ «በየት ሄደ?» ብቻ። ምስክሩ አንድ ከሆነና ጊዜ ካለ፣ ከተረጋጋም፦ ወደ ቦታው መመለስ፣ ዓይን መጨፈን፣ ሁሉንም መናገር። ልምድ ከሌላችሁ፦ «ከመጀመሪያው ይንገሩኝ» እና ዝምታ። ምስክሮቹ ብዙ ከሆኑ፦ መለያየትና እያንዳንዱ በራሱ እንዲጽፍ ወይም ድምፁን እንዲቀርጽ። ልጅ ከሆነ፣ ደም ከፈሰሰ ወይም ጾታዊ ጥቃት ከሆነ፦ አድምጡ፣ አጽናኑ፣ አትመርምሩ። ምስክሩ ፈርቶ ከሆነ ደግሞ የማስታወስ ዘዴ አይደለም የሚያስፈልገው። የጠቋሚዎችና ምስክሮች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 699/2003 እንዳለ ንገሩትና ፖሊስ ወይም ዐቃቤ ሕግ ጋ ይዛችሁት ሂዱ።

በየትኛውም መንገድ ብትሄዱ ቃሉን ምስክሩ እንዳለው ጻፉ። አታሳምሩት፣ «ግለሰቡ በተጠቀሰው ሰዓት» እያላችሁ የጣቢያ ቋንቋ አታድርጉት። የእናንተንም ጥያቄ ጻፉ፤ በኋላ የሚያነበው ሰው ቃሉ ከማን እንደመጣ እንዲያይ። ከዚያ መልሳችሁ አንብቡለት።

ያን ማታ ደብተሬን በስልክ መብራት እያየሁ ለእማማ አነበብኩላቸው። ካፊያው፣ ጭሱ፣ ወደ ቀኝ መዞራቸው፣ የተቀደደው ሸራ። «በቢጫ ፌስታል የተቋጠረ» የሚለው ጋ ስደርስ ማራገቢያውን ቀና አድርገው አስቆሙኝ።

«ቢጫ አላልኩም ልጄ። ቢጫ መሰለኝ ነው ያልኩት።»

ሰርዤ አስተካከልኩት።